ማንቸስተር ውስጥ የት ይበላል? ብላችሁ ለምትጠይቁኝ

"ማንቸስተር ልመጣ ነው፤ የት ልብላ?" የሚል መልእክት ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ወር የለም። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ለኳስ የሚመጡ ናቸው። ከተማዋን የሚያውቋት ከቴሌቪዥን ነው። ማንቼ ሲጫወት አዲስ አበባ ላይ ቡና ቤት በር ላይ ተጋፍተው እያዩ ያደጉ ልጆች ዛሬ ከዋሽንግተን፣ ከስቶክሆልም፣ ከዱባይ ትኬት ቆርጠው ይመጣሉ። ኦልድ ትራፎርድን በዓይናቸው ለማየት ዓመት ሙሉ ያጠራቅማሉ። ከዚያ ሆቴላቸው ሥር ያገኙትን በርገር በልተው ይመለሳሉ። ይሄ ከልቤ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ለሁሉም በየተራ የምመልሰውን አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። የቤት ስም የምትፈልጉ ትንሽ ታገሡኝ፤ ስሞችም እጠራለሁ። ግን ምግብ ቤት ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ባለቤቱም ይቀየራል። ዛሬ የመከርኳችሁ ቤት በሚቀጥለው ዓመት ፀጉር ቤት ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። የሚበጃችሁ አመራረጡን ማወቅ ነው። እኔ አንድ በር ፊት ስቆም ራሴን አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ ይህ ቤት ሲከፈት ለማን ተብሎ ነው የተከፈተው?

ይህን ለመማር ከፍዬበታለሁ። እዚህ በመጣሁ በሁለተኛው ወር ከአዲስ አበባ የመጣች ዘመዴን ይዤ መሀል ከተማ መብራቱ የሚያምር አንድ ቤት ገባን። ትልልቅ መስታወት፣ በር ላይ ቆሞ የሚጋብዝ ልጅ፣ የስድስት አገር ምግብ በአንድ ሜኑ ላይ። ምግቡ ቀዝቅዞ መጣ። ሩዙ ደርቋል። ዘመዴ ሁለቴ ጎርሳ ሹካዋን አስቀመጠች። ሒሳቡ ሲመጣ በጠርሙስ የቀረበልን፣ እኛ ግን ያላዘዝነው ውሃ ተጽፎበታል፤ ከሥሩ ደግሞ 12.5 በመቶ የአገልግሎት ተብሎ ተደምሯል። ይሉኝታ ያዘኝ። አንድ ቃል ሳልተነፍስ ከፍዬ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ ሁለታችንም ዝም። የዚያን ቀን የከፈልኩት የሁለት ቀን ደሞዜን ነበር።

ያ ቤት ለማንም ተብሎ የተከፈተ አልነበረም። ለአላፊ አግዳሚ ነው። አላፊ አግዳሚ ደግሞ ተመልሶ ስለማይመጣ፣ ሩዙ ደረቀ አልደረቀ የሚጨነቅለት የለም።

ከዚያ በኋላ የተማርኳቸውን ሦስት አራት ነገሮች እዚሁ ልንገራችሁ፤ እንደኔ እንዳትሆኑ። እንግሊዝ ውስጥ አልኮል ለመሸጥ ፈቃድ ያለው ቤት ሁሉ የቧንቧ ውሃ በነፃ የመስጠት ግዴታ አለበት። "ታፕ ዋተር" ማለት በቂ ነው፤ ማንም በንቀት አያያችሁም። ሒሳቡ ላይ የአገልግሎት ክፍያው "በውዴታ" ከሚል ቃል ጋር ከተጻፈ "ይቀነስልኝ" ማለት መብታችሁ ነው። ጥሩ ካስተናገዷችሁ ግን ተዉላቸው፤ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ቀጣሪው ጉርሻውን በሙሉ ለሠራተኞቹ እንዲሰጥ የሚያስገድድ ሕግ ሥራ ላይ ውሏል። (ቀኑንም ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የንጽሕና ደረጃ ደግሞ በሩ ወይም መስኮቱ ላይ በአረንጓዴና ጥቁር ተለጥፎ ታገኙታላችሁ፤ ከ0 እስከ 5 ነው። እንግሊዝ ውስጥ መለጠፉ ግዴታ ስላልሆነ ዝቅ ያለ ያገኘው ሊደብቀው ይችላል። ስልካችሁ ላይ ፈልጉት፤ ሁሉም በይፋ ተመዝግቧል።

አሁን ወደ ምግቡ።

ለማን ተብሎ እንደተከፈተ በግልጽ የሚታወቅ ቤት ያሳየችኝ አብራኝ በፈረቃ የምትሠራ፣ ወላጆቿ ከፓኪስታን የመጡ አንዲት ሴት ናት። ከሌሊት ፈረቃ ወጥተን፣ ቤት ገብተን ተኝተን፣ ቀትር ላይ ተገናኘን። ወደ ኖርዘርን ኳርተር ወሰደችኝ። ዛሬ ያ ሰፈር የቡና ቤቶችና የግድግዳ ሥዕል ሰፈር ነው። ድሮ ግን የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴዎች መጋዘን ነበር። ሶፕ ስትሪት የምትባል የኋላ መንገድ አለች፤ የቆሻሻ ገንዳ የተደረደረባት፣ እኔ ብቻዬን ብሆን የማልገባባት። እዚያ ውስጥ "ዚስ ኤንድ ዛት" የሚባል ቤት አለ። የተከፈተው በ1984 ነው።

አበላሉ እንዲህ ነው። ትገባላችሁ፣ ትሰለፋላችሁ፣ ሳህን ላይ ሩዝ ይደረግላችኋል፣ ከዚያ ድስቶቹን እያያችሁ ሦስት ዓይነት ወጥ ትመርጣላችሁ። ማንቸስተሮች "ራይስ ኤንድ ስሪ" ይሉታል። ወጡ በየቀኑ ይለያያል። አንዱ ምስር፣ አንዱ ስፒናች በድንች፣ አንዱ ዶሮ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ ሩዙ ላይ እርስ በርስ ይደባለቃሉ፤ ጣዕሙ ያለውም እዚያ መደባለቁ ላይ ነው። በያይነቱ ለለመደ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም። የመጀመሪያውን ማንኪያ ስጎርስ እጄ እንጀራ ፈለገ።

ይህ አበላል የመጣው ከሥራ ነው። በዚያ ሰፈር ልብስ የሚሰፉ፣ የሚያከፋፍሉ፣ ጥቅል ጨርቅ የሚሸከሙ ብዙ የእስያ ሰዎች ነበሩ። የምሳ ሰዓታቸው አጭር፣ ኪሳቸው ቀጭን። ቶሎ የሚቀርብ፣ የሚያጠግብ፣ እናት ቤት የሚበላውን የሚመስል ምግብ ፈለጉ። እንዲህ ያሉ ቤቶች በየጓሮ መንገዱ ተከፈቱላቸው። አንዳንዶቹ እስካሁን አሉ፤ ቶማስ ስትሪት ላይ ያድጋር፣ ባክ ተርነር ስትሪት ላይ ካባና። ዛሬ ዚስ ኤንድ ዛት ስትሄዱ አጠገባችሁ የሚቀመጠው ጠበቃም ግንበኛም ተማሪም ሊሆን ይችላል። ሳህኑ ግን ያው ነው። ያን ቀን ሒሳብ ልከፍል ስል ባልደረባዬ እጄን ያዘችኝ። "የኔ ሰፈር ነው" አለችኝ። እኛ አገር "በሞቴ" እንደሚባለው ማለት ነው።

ጥጡን ሳይነኩ ስለማንቸስተር ምግብ ማውራት አይቻልም። ይህች ከተማ ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት የሆነችውን ሁሉ የሆነችው በጥጥ ነው። ከአሜሪካ፣ ከግብፅ፣ ከሕንድ ጥጥ ይመጣ ነበር፤ እዚህና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ይፈተል፣ ይሸመን፣ ለዓለም ይሸጥ ነበር። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ፋብሪካዎቹ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ሲያጡ ከፓኪስታንና ከሕንድ ሠራተኛ መጣ። አብዛኛው ወንድ፣ ብቻውን፣ ክፍል ተጋርቶ የሚኖር። ሌሊቱን ሙሉ ማሽን ሥር ቆሞ ያደረ ሰው የሚበላው ይፈልጋል። ራሾልም በሚባለው ሰፈር የተከፈቱት የመጀመሪያዎቹ የከሪ (የሕንድና የፓኪስታን ወጥ) ቤቶች ደንበኞች እነዚህ ነበሩ።

ዛሬ ያ መንገድ "ከሪ ማይል" ይባላል፤ ዊልምስሎ ሮድ ላይ ነው። መሀል ከተማ ካለው ፒካዲሊ 142 ወይም 143 ቁጥር አውቶቡስ ይዛችሁ በኦክስፎርድ ሮድ ትሄዳላችሁ፣ ዩኒቨርሲቲዎቹን ታልፋላችሁ፣ መብራቱ ሲበዛ ትወርዳላችሁ። ማይል ቢባልም አንድ ማይል አይሞላም። ሰዎች "የድሮው ከሪ ማይል ጠፋ" ይላሉ። እውነት አላቸው፤ የፓኪስታንና የባንግላዴሽ ቤቶች ቀንሰዋል። በቦታቸው የአፍጋን፣ የሶርያ፣ የኩርድ፣ የኢራቅ፣ የየመን ቤቶች ገብተዋል። እኔ ግን አልከፋኝም። መንገዱ ድሮ የነበረውን ሥራ አሁንም እየሠራ ነው፤ አዲስ የመጣ ሰው ቤቱን ያስታውስበታል። ድሮ ከፓኪስታን፣ ከላሆር የመጣው፤ አሁን ከሶርያ፣ ከሐለብ የመጣው።

እዚያ ከሄዳችሁ ሜኑውን ከማየታችሁ በፊት ዳቦ ጋጋሪውን እዩ። በር አጠገብ የሸክላ ምድጃ ያለበት ቤት ግቡ። ዳቦው ከምድጃው ወጥቶ በእጃችሁ እየተላጠ ሲበላ ሌላ ነገር ባታዝዙም ትጠግባላችሁ። ኒሃሪ ያለበት የፓኪስታን ቤት ካገኛችሁ እዘዙ። ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ የበሰለ የበሬ ቅልጥም ነው፤ ቅቅል ለሚወድ ሰው ዘመዱ ነው። ሳውዲ ወይም ኤምሬትስ የኖራችሁ ማንዲ የሚባለውን ሩዝ በሥጋ ስለምታውቁ እኔ አላስተምራችሁም። የምትፈልጉት የየመን ቤት ነው፤ ሩዙ ላይ ያለውን የጭስ ሽታ በር ላይ ታገኙታላችሁ።

አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር፤ በጓዳ ስለምንጠያየቅ ነው። ከሪ ማይል ላይ ያለው ሥጋ በአብዛኛው ሐላል ነው። ለሙስሊም ወገኖቼ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ከበር ወደ በር ሳይጠይቁ ይገባሉ። ከክርስቲያኖቹ ደግሞ የሚበላ አለ፣ የማይበላ አለ። ሁለቱንም አከብራለሁ። አንድ ላይ ለምትሄዱ ግን ምክሬ ይሄ ነው፦ ማንንም ሳታስጨንቁ አትክልቱን እዘዙና መሀል አስቀምጡ። ዳል የሚሉት የምስር ወጥ፣ ሽንብራ፣ ባሚያ፣ ስፒናች በድንች። ሁሉም ከአንድ ሳህን ይበላል። እኔ ከጓደኞቼ ጋር ስንሄድ እንዲህ ነው የምናደርገው፤ እስከዛሬ አንድም ሰው ተርቦ አልወጣም።

ወደ ራሾልም ስትሄዱ አውቶቡሱ ኦክስፎርድ ሮድ ላይ ሲደርስ በመስኮት ወደ ውጭ እዩልኝ። ይህን ታሪክ ያገኘሁት እዚህ አራት ዓመት ከኖርኩ በኋላ ነው፤ ያወቅኩ ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በዚህ አካባቢ "የኢትዮጵያ ሻይ ቤት" የሚባል ቤት ነበር። ባለቤቱ ራስ መኮንን ይባላል። የሐረሩ ራስ መኮንን አይደሉም። ይህኛው የተወለደው ደቡብ አሜሪካ፣ በያኔዋ ብሪቲሽ ጊያና ነው። የልደት ስሙ ጆርጅ ግሪፊዝ ነበር። ጣልያን በ1935 አገራችንን በወረረበት ጊዜ ስሙን ቀየረ። ስም መቀየር ቀላል ነው የሚል ይኖራል። በዚያ ዘመን፣ እንግሊዝ አገር ውስጥ፣ ጥቁር ሰው ሆኖ፣ የተወረረች አገር ስም ይዞ ሥራ መጀመር ቀላል አይመስለኝም።

ማንቸስተር መጥቶ አንድ ሳይሆን በርከት ያሉ ምግብ ቤቶች ከፈተ። አንዱ "ኮስሞፖሊታን" ይባል ነበር። በዚያ ዘመን ጥቁር ሰው ብዙ ቦታ ገብቶ መብላት አይችልም ነበር። "ቦታ የለም" ይባላል፤ ወንበሩ ባዶ ሆኖ እየታየ። የራስ መኮንን ቤቶች ለእነዚህ ሰዎች ክፍት ነበሩ። ለአፍሪካ ተማሪዎች፣ ለካሪቢያን ሠራተኞች፣ ለመርከበኞች፣ በአካባቢው ለሰፈሩት ጥቁር የአሜሪካ ወታደሮች። ነጭም ይገባ ነበር። ገንዘብ አገኘ። ያገኘውን ገንዘብ ምን አደረገበት? ከጥቅምት 15 እስከ 21 ቀን 1945 በዚሁ ሰፈር፣ በቾርልተን የከተማ አዳራሽ፣ አምስተኛው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ተካሄደ። ክዋሜ ንክሩማ ነበር። ጆሞ ኬንያታ ነበር። አዛውንቱ ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር ዱ ቦይስ ከአሜሪካ መጥተው ነበር። ወጪውን ከሸፈኑት አንዱ የራስ መኮንን ምግብ ቤቶች ናቸው። ተሰብሳቢዎቹንም ያበላው እሱ ነው።

የአዳራሹ ፊት ለፊት ግድግዳ እስካሁን አለ፤ ከኋላው የማንቸስተር ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ሆኗል። ጉባኤውን የሚያስታውስ ሰሌዳ ተለጥፎበታል። ለጨዋታ የምትመጡ ልጆች አሥር ደቂቃ ወስዳችሁ እዩት። ሻይ ቤቱ የለም። እኔ ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር፣ ከሌሊት ፈረቃ የወጣ አንድ መርከበኛ ዝናብ ላይ ቆሞ "ኢትዮጵያ" የሚለውን ስም አይቶ፣ እዚህ አይመልሱኝም ብሎ በሩን ሲገፋ ይታየኛል።

ቻይና ታውንን በአጭሩ። መሀል ከተማ፣ ፎክነር ስትሪት ላይ ነው። ትልቁ ቀይና ወርቃማ ቅስት በ1987 የቆመ ነው። ሕንፃዎቹ የድሮ የጥጥ መጋዘኖች ናቸው። እሑድ ቀትር ላይ ሂዱ፤ አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ በአንድ ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ዲም ሰም የሚባሉትን ትንንሽ የቻይና ምግቦች የሚበሉበት ሰዓት ነው። ቤት መምረጫችሁም እሱ ነው፤ አያቶች ያሉበት ግቡ። ለጾም ከሆነ አትክልቱ ላይ ከባሕር እንስሳ የሚሠራውን የኦይስተር ሶስ እንዳያደርጉ ንገሯቸው፤ ካልነገራችኋቸው ያደርጋሉ።

ስለ ጾም ካነሳሁ አይቀር። እዚህ አገር "ቪጋን" የሚለው ቃል ለኛ ትልቅ በረከት ነው። ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ፤ ሁሉንም በአንድ ቃል ትገላገላላችሁ። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ ቅቤ የለ፣ እንቁላል የለ። እንዲያውም ከኛ ይብሳል፤ ማርም አይበሉም። "ቬጀቴሪያን" ብቻ ካላችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ በተለይ የሕንድ ቤት ውስጥ ቅቤና አይብ ይገባበታል። ደግሞ ሥጋ አለመብላት እዚህ ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። ከወንዙ ማዶ ሳልፎርድ ውስጥ ዊልያም ካውሄርድ የሚባል ሰባኪ በ1809 የቤተ ክርስቲያኑን ምእመናን ከሥጋ እንዲታቀቡ አስተማረ። በ1847 የእንግሊዝ የአትክልት ተመጋቢዎች ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የዚያው ቤተ ክርስቲያን አባል ነበር። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት "እንግዲያው ደግ ሰው ነበራቸዋ!" አለችኝ።

እሺ፣ የሐበሻ ቤትስ? ይህ ጥያቄ ሁሌ መጨረሻ ላይ፣ በትንሹ እፍረት ይመጣል። ምን ያሳፍራል? እንግሊዝ መጥቶ እንጀራ መብላት ነውር የለውም። ሳክቪል ስትሪት ላይ "ሐበሻ" የሚባል ቤት አለ፤ ደረጃ ወጥታችሁ ነው የምትገቡት። ከአዲስ አበባ ትናንት ለመጣ ሰው አልመክርም፤ እንጀራው ገና አፉ ላይ ነው። ለሥራ ለአንድ ወር የመጣ ሰው ግን በሦስተኛው ሳምንት ይሂድ። የማያውቁ ሰዎችን ይዛችሁ ሂዱ። እኔ የባልደረባዬን ውለታ የመለስኩት እንደዚያ ባለ ቤት ነው። በያይነቱ ስትበላ የሽሮውን ጥግ በእጇ ጠርጋ "ለካ ያኔ ለዚህ ነው በማንኪያ መብላት ያስጠላሽ" አለችኝ። አጎረስኳት። መጀመሪያ ደነገጠች፣ ከዚያ እሷም አጎረሰችኝ።

ከዚያ ከወጣችሁ ሁለት ደቂቃ በእግር ተራመዱና ግራንቢ ሮው ድረሱ። የሣር ሜዳው ላይ ከእንጨት የተፈለፈለ ትልቅ ጠርሙስ ከፍሬዎች ጋር ቆሟል። ቪምቶ የሚባለው የፍራፍሬ መጠጥ ሐውልት ነው። ጆን ኖኤል ኒኮልስ የሚባል ሰው ቪምቶን በ1908 የሠራው እዚሁ ቦታ ነው። ከወይን፣ ከራስበሪ፣ ከብላክከረንት። እህቴ ጅዳ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። በየረመዳኑ ማፍጠሪያ ላይ በጆግ ስትቀላቅለው ኖራለች፤ በሺህ የሚቆጠሩ እህቶቻችንም እንደዚያው። ሐውልቱን ፎቶ አንስቼ ስልክላት "ይሄ እኮ የዐረብ ነው!" ብላ በድምፅ መለሰችልኝ። ከዚህ ወደ ዐረብ አገር መሄድ የጀመረው በ1920ዎቹ እንደሆነ ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ "እና እኔ ያን ሁሉ ዓመት አንቺ ሰፈር የተሠራ ነገር ስበጠብጥ ነበር?" አለች። ሁለታችንም ስልኩ ላይ ቆየን።

የእንግሊዞቹን የራሳቸውን ምግብ የረሳሁ እንዳይመስላችሁ። ለጨዋታ ቀን፣ ኦልድ ትራፎርድ አጠገብ ቼስተር ሮድ ላይ ሉ ማካሪ በሚባል የቀድሞ ተጫዋች ስም የተከፈተ የፊሽ ኤንድ ቺፕስ ቤት አለ። ደጋፊው ተሰልፎ ነው የሚገዛው፤ እናንተም ተሰለፉ። ቺፕሱ ላይ ግሬቪ የሚሉትን ወፍራም የሥጋ መረቅ አስደርጉ፣ እዚህ ሰሜኑ እንደዚያ ነው የሚበላው። እሑድ ቀን ደግሞ ቱሪስት ከማይበዛበት ሰፈር አንድ ፐብ ገብታችሁ ሰንደይ ሮስት ብሉ። የተጠበሰ ሥጋ፣ ድንች፣ ካሮት፣ ዮርክሻየር ፑዲንግ። ምግቡ ቅመም የለውም። ግን እንግሊዞች ቤተሰብ ሆነው ሳይቸኩሉ ሲበሉ የምታዩበት ሰዓት እሱ ነው፤ አያት ለልጅ ልጇ ከሳህኗ ድንች ስታነሳለት ታያላችሁ። ወጥ ቤቱ ቶሎ ስለሚዘጋ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ሳይሞላ ግቡ፤ በኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው።

ውድ ቤት የሚፈልግ ካለ አንኮትስ በሚባለው ሰፈር ማና የሚባል ቤት አለ። በ2019 ለምርጥ ምግብ ቤቶች የሚሰጠውን የሚሽለን ኮከብ ሲያገኝ ለማንቸስተር ከ40 ዓመት በላይ በኋላ የመጀመሪያው ነበር። ቀድማችሁ ቦታ ያዙ።

አንድ ቤት ይቀረኛል። ምግብ ቤት ብዬ ልጠራው አልችልም፤ ሒሳብ የለውም።

ባለፈው ክረምት፣ መንግሥት ጥገኝነት ጠያቂዎችን ካስቀመጠበት አንድ ሆቴል አንድ ልጅ ተዋወቅሁ። 19 ዓመቱ ነው፤ ከጎንደር ገጠር ነው የመጣው። ምግብ በፕላስቲክ ሳጥን ይመጣላቸዋል። በእጃቸው የሚገባው በሳምንት ከ10 ፓውንድ ያነሰ ነው። ሥራ መሥራት አይፈቀድላቸውም። ልጁ ከስቷል። "ና ልጋብዝህ" ስለው ሁሌ ምክንያት ይፈጥራል። ቆይቶ ገባኝ። ከሴት ኪስ እየበላ መመለስ ከብዶት ነው።

አንድ እሑድ ወደ አፐር ቾርልተን ሮድ ወሰድኩት። እዚያ ሲክ የሚባለው የሕንድ ሃይማኖት ተከታዮች ቤተ መቅደስ አለ፤ ጉርድዋራ ይሉታል። በየጉርድዋራው ላንጋር የሚባል ማዕድ አለ፤ ለመጣ ሰው ሁሉ፣ ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ፣ በነፃ ይበላል። አምስት መቶ ዓመት የቆየ ልማዳቸው ነው። ሥጋ የለውም። በሌላ እምነት ቤት መብላት የማይፈልግ ይኖራል፤ ቀድሜ ጠየቅሁት። አሰበና "ለአምልኮ አይደለም የምንሄደው፤ ለእህል ነው" አለ። ጫማችንን አወለቅን። በር ላይ ካለው ቅርጫት ጨርቅ አንስተን ራሳችንን ሸፈንን። መሬት ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ተቀመጥን፤ በግራዬ ዶክተር የሚመስሉ ሽማግሌ፣ በቀኜ እሱ፣ ከሱ ቀጥሎ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች። የብረት ሳህን መጣልን። ምስር፣ የተቀቀለ አትክልት፣ ሮቲ የሚሉት ትኩስ ቂጣ። ሮቲውን ቆርሶ ምስሩን በእጁ ጠቀለለበት። ምንም አልተናገረም። ሁለት ጊዜ ተጨመረለት።

በልቶ ሲጨርስ አንዱን አስተናጋጅ ሽማግሌ "ስንት ነው?" ብሎ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ሳቁ። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሳህን ማጠቢያው አመለከቱት። የሚፈልግ ሰው እዚያ ገብቶ ያግዛል። ልጁ እጅጌውን ሰበሰበ።

አንድ ሰዓት ቆመ። እኔ ሻይ ይዤ ከሩቅ አየዋለሁ። ከአንዱ የፑንጃብ ጎረምሳ ጋር ቋንቋ ሳይግባቡ ሳህን እየተቀባበሉ ያጥባሉ፣ ያለቀልቃሉ፣ ይደረድራሉ። ስንወጣ እጁ ከሙቅ ውሃው የተነሳ ቀልቷል። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ደርሰን ጥቂት ዝም ካለ በኋላ "እትዬ" አለኝ፣ "በሚመጣው እሑድ በስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?"